ፊልሞቹ የማያሳዩት ፌስቡክ፦ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሥራቾች በሲኒማ እንዴት ይሳላሉ?

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢት ወይም በመሐል ሜዳ ያሉ ወጣቶች ስለ ፌስቡክ መሥራች ሲያወሩ፣ ወሬያቸው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከፊልም ነው። ፊልሙንም ቢሆን ሁሉም በሙሉ ርዝመቱ አላየውም። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ታሪክ በዩቲዩብ ወይም በቴሌግራም ቻናል፣ በአማርኛ ተራኪ ድምፅ፣ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች አጥሮ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ቢሊየነር ስለሆነ ልጅ የሚናገር ተረክ ሆኖ ይደርሳቸዋል። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ተመልካች ይህ ትልቅ አገልግሎት ነውና አልነቅፈውም። ይሁን እንጂ ፊልሙ ራሱ ከእውነታው ብዙ ቀንሷል፤ ተራኪው ደግሞ ከፊልሙ ይቀንሳል፤ በስተመጨረሻ የሚቀሩት አንድ ብልህ ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ክህደት ብቻ ናቸው። ማኅበራዊ ሚዲያ እንዴት ተስፋፋ፣ በእኛስ ላይ የሚሠራው በምን መንገድ ነው ለሚለው ጥያቄ ከሦስቱ አንዱም መልስ አይሆንም። ፊልሞቹ የሚጠይቁት «ሰውየው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ነው፤ እኛን የሚነካን ጥያቄ ግን «ነገሩ እንዴት ይሠራል?» የሚለው ነው።

የዚህ ዓይነት ፊልሞች ሁሉ አውራ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» ነው። ዴቪድ ፊንቸር ዳይሬክት ያደረገውን ይህን ፊልም አሮን ሶርኪን ጽፎታል፤ ማርክ ዙከርበርግን ሆኖ የተወነው ጄሲ አይዘንበርግ ነው። ለስምንት የኦስካር ሽልማቶች ታጭቶ በፊልም ጽሑፍ፣ በኤዲቲንግና በማጀቢያ ሙዚቃ ሦስት አሸንፏል። ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2003 መገባደጃ ላይ ዙከርበርግ የሃርቫርድ ተማሪዎችን ፎቶ ጥንድ ጥንድ አድርጎ መልክ የሚያስመርጥ ድረ ገጽ ከሠራበት ሌሊት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2004 «ዘ ፌስቡክ» በሚል ስም የተከፈተው አገልግሎት አንድ ሚሊዮን አባላት እስኪያፈራ ድረስ ይዘልቃል። እንደ ሲኒማ ሥራ ከተመዘነ እጅግ የተዋጣለት ነው፤ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አክሲዮን ሲከራከሩ ተመልካችን ትንፋሽ ማስዋጥ ቀላል ሙያ አይደለም።

ፊልሙ የቆመው በሁለት የፍትሐ ብሔር ክሶች ላይ ነው። በአንደኛው የሃርቫርድ ተማሪዎች የነበሩት የዊንክልቮስ መንትዮችና ባልደረባቸው «ሐሳባችንን ሰረቀን» ይላሉ፤ በሁለተኛው የዙከርበርግ ጓደኛና የመጀመሪያ ገንዘብ አቅራቢው ኤድዋርዶ ሳቬሪን «ድርሻዬን አሳንሰው አስወጡኝ» ይላል። የምናየው ታሪክ ሁሉ በጠበቆች ፊት ከሚሰጥ ቃል ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚገለጥ ነው። ይህን ቅርጽ የሸዋ ሰው ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን ተሟጋቹ በአንደበቱ ርቱዕነት ችሎቱን ሲማርክ፣ አዳማጩ ንግግሩን እያደነቀ፣ የተነገረው ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ግን ልብ ይል ነበር። ፊልሙም የሚያቀርበው የሙግት ቃል ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በገሐዱ ዓለም ሁለቱም ክሶች የተዘጉት በስምምነት ነው። መንትዮቹ እ.ኤ.አ. በ2008 በጥሬ ገንዘብና በአክሲዮን ተደምሮ በወቅቱ 65 ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ክፍያ ተቀበሉ፤ በኋላ ስምምነቱን ለማፍረስ ቢሞክሩም እ.ኤ.አ. በ2011 የይግባኝ ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም። የሳቬሪን ጉዳይ ዝርዝሩ ሳይገለጽ ተጠናቆ ስሙ ከመሥራቾቹ ተርታ ተመለሰ። ስለዚህ «ሐሳቡ የማን ነበር?» ለሚለው ጥያቄ የፍርድ ቤት መልስ የለም። ለአጭር ተረክ ሲባል በመጀመሪያ የሚቆረጠው ግን ይህ የክስ ቅርጽ ነውና፣ በአማርኛው ማጠቃለያ ላይ የአንድ ተከራካሪ ወገን ቃል እንደ ተረጋገጠ ታሪክ ይሰማል።

ፊልሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ2009 ከታተመ የቤን ሜዝሪች መጽሐፍ ነው። ዙከርበርግ ጸሐፊውን ለማነጋገር ፈቃደኛ አልነበረም፤ ሳቬሪን ግን አነጋግሮታል። በፊልሙ ውስጥ ሳቬሪን አንጀት የሚበላ፣ ዙከርበርግ ቀዝቃዛ ሆኖ መታየቱን በዚህ ብርሃን ማየት ተገቢ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ደግሞ በመክፈቻው ትዕይንት ላይ አለ። በፊልሙ ዙከርበርግ ፌስቡክን ወደ መፍጠር የሚነዳው አንዲት ወጣት ስለተወችው ነው፤ ይህች ገጸ ባሕርይ በገሐዱ ዓለም ያልነበረች፣ ለፊልሙ የተፈጠረች ናት። ዙከርበርግ የዛሬ ባለቤቱን ፕሪሲላ ቻንን የተዋወቃት በዚያው በ2003 ነበር። ሶርኪን በወቅቱ ታማኝነቱ ለትረካው እንጂ ለእውነታው እንዳልሆነ በግልጽ ተናግሯል፤ ዙከርበርግም ፊልሙ የለበሳቸውን ልብሶች በትክክል እንዳሳየ፣ ሰዎች ነገር መሥራትን ስለሚወዱ ብቻ ሊሠሩ እንደሚችሉ ግን የፊልም ሰዎች ሊገባቸው እንዳልቻለ ገልጿል። በዚህ ነጥብ ላይ እኔ ከዙከርበርግ ጋር እስማማለሁ። አንድን ታላቅ ኩባንያ በአንድ የልብ ስብራት ማብራራት ለትረካ ይመቻል፤ ለማብራሪያ ግን አይበቃም።

ይህም ሆኖ የተፈጠረችው ገጸ ባሕርይ ዋናዋ ችግር አይደለችም። ዋናው ችግር ፊልሙ የሚያቆምበት ጊዜ ነው። ዜናና ፎቶ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ የሚመጣበት ገጽ፣ ኒውስ ፊድ የሚባለው፣ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2006 ነው። ፌስቡክ ዕድሜው ከ13 ዓመት በላይ ለሆነ ለማንኛውም ሰው የተከፈተው በዚያው ወር ነው። ከጉግል የመጣችው ሸሪል ሳንድበርግ ዋና የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆና የማስታወቂያውን ንግድ ማደራጀት የጀመረችው በ2008 ነው። የላይክ ቁልፍ የመጣው በ2009 ነው። ኢንስታግራም በአንድ ቢሊዮን ዶላር የተገዛው በ2012፣ ዋትስአፕ በ19 ቢሊዮን ዶላር የተገዛው በ2014 ነው። እነዚህ ሁሉ ከፊልሙ ታሪክ በኋላ የመጡ ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ የማኅበራዊ ሚዲያ መነሣት ታሪክ ተብሎ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ፊልም ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያ የምንለውን ነገር በውስጡ አልያዘም። የያዘው የአንድ የኮሌጅ ማውጫ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ያልታየውን ነገር በግልጽ ቋንቋ ላስረዳ። የመጀመሪያው የመስፋፋት ምክንያት የሰው መብዛት ራሱ ሰው መጥራቱ ነው። አንድ የመገናኛ አገልግሎት ጥቅም የሚሰጠው የምታውቃቸው ሰዎች ሲኖሩበት ብቻ ነው፤ ብቻህን የምትገባበት ፌስቡክ ከባዶ ቤት አይሻልም። ዙከርበርግና ጓደኞቹ ይህን ችግር የፈቱት አገልግሎቱን በጠባቡ በመጀመር ነው። መጀመሪያ የሃርቫርድ ኢሜይል ያለው ብቻ ይገባ ነበር፤ ቀጥሎ ስታንፎርድ፣ ኮሎምቢያና ዬል ተጨመሩ፤ ከዚያ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች፣ በ2005 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በ2006 ሁሉም። በእያንዳንዱ ግቢ ውስጥ ተማሪው ሲገባ የሚያውቃቸውን ሰዎች አስቀድመው ገብተው ያገኛቸዋል። አንዴ ከሞላ በኋላ ደግሞ መውጣት ከባድ ነው። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ክፍል ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ካላቸው፣ የፈተና ቀን ለውጥና የመምህሩ ማስታወሻ የሚለቀቀው እዚያ ስለሆነ፣ ቴሌግራምን የማይወድ ተማሪም ስልኩ ላይ ሊያጠፋው አይችልም። የመተግበሪያው ጥራት ወይም የመሥራቹ ብልህነት አይደለም የያዘው፤ የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። ይህን ኃይል ካሜራ ሊቀርጸው አይችልም፤ ፊት የለውምና።

ሁለተኛው ማስታወቂያ ነው። በፊልሙ ሳቬሪን ማስታወቂያ እንሽጥ ሲል ዙከርበርግ እንቢ ይላል፤ ተመልካቹም የገንዘብ ፍላጎት የሌለው ልጅ ነው ብሎ ይረዳል። ዛሬ ሜታ የተባለው የዚያ ኩባንያ ገቢ ከ95 በመቶ በላይ የሚመጣው ከማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ለተመልካች ዓይን ስለሆነ፣ ኩባንያው ገቢው እንዲያድግ ሰው ገጹ ላይ እንዲቆይ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ሦስተኛው ነገር ይመጣል፤ ጽሑፎችን በቅደም ተከተል የመደርደሩ ሥራ። ስልክህን ስትከፍት ልታይ ከምትችላቸው እጅግ ብዙ ጽሑፎችና ቪዲዮዎች መካከል የትኛው ከላይ ይምጣ የሚለውን የሚወስነው የሂሳብ ቀመር ነው። ቀመሩ ቀደም ሲል ምን እንደነካህ፣ በምን ላይ እንደዘገየህ፣ ለማን ኮሜንት እንደሰጠህ ይቆጥርና፣ ቀጥሎ ምን ሊይዝህ እንደሚችል ይገምታል። ግምቱ ለእያንዳንዱ ምልክት የተለያየ ክብደት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከላይክ ሌላ የልብ፣ የሳቅና የቁጣ ምልክቶች ተጨመሩ፤ በ2017 እነዚህ ምልክቶች ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ እንዲመዝኑ ተደርጎ እንደነበር በኋላ የወጡ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች አሳይተዋል። የሚያስቆጣ ጽሑፍ አምስት እጥፍ ክብደት ያለው ምላሽ የሚያገኝ ከሆነ፣ ብዙ ሰው ዘንድ እንደሚደርስ ለመረዳት የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ይህ ውሳኔ በስብሰባ ላይ የተወሰነ አንድ ቁጥር ነው፤ ዝናብ እየወረደ የሚሮጥ፣ ላፕቶፕ የሚሰብር፣ የሚያለቅስ ሰው የለበትም። ሆኖም በሰዎች ሕይወት ላይ ከመንትዮቹ ክስ እጅግ የሚበልጥ ክብደት አለው።

ሲኒማ ለምን ከቁጥሩ ሰውየውን ይመርጣል? ይህ የአሜሪካውያን ጠባይ ብቻ አይደለም፤ እኛም ስንተርክ እንዲሁ ነን። የደብረ ብርሃን አመሠራረት ሲነገር፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ በቦታው ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ፣ መቀመጫቸውንም እዚያው እንዳደረጉ ይተረካል። ድንጋዩን የተሸከመው፣ ጥዱን የጠረበው፣ ለግቢው እህል ያስገባው ገበሬ በትረካው ውስጥ ስም የለውም። ዜና መዋዕል የንጉሡ ታሪክ ነውና ጸሐፊው በዚህ አይወቀስም። የቴክኖሎጂ ፊልሞችም በዚሁ መንገድ የተሠሩ የመሥራች ዜና መዋዕሎች ናቸው፤ ልዩነቱ ንጉሡን ከማወደስ ይልቅ መውቀስ መውደዳቸው ነው። ወቀሳውም ቢሆን ያው ውዳሴ ነው፤ ክፉም ሆነ ደግ፣ ሁሉን የሠራው አንድ ሰው ነው ይላልና።

ስለ አፕል መሥራች ስለ ስቲቭ ጆብስ የተሠሩትን ፊልሞች ማየት ይህን ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2013 አሽተን ኩቸር የተወነበት ወጣ፤ በ2015 ደግሞ ዳኒ ቦይል ዳይሬክት ያደረገው፣ ሶርኪን የጻፈው፣ ማይክል ፋስቤንደር የተወነበት ወጣ። የኋለኛው መላ ሕይወትን በሦስት የኮምፒውተር ምርቃቶች ዋዜማ ይጨምቃል፤ የ1984 ማኪንቶሽ፣ የ1988 ኔክስት እና የ1998 አይማክ። ከእያንዳንዱ ምርቃት በፊት ልጁ፣ ጓደኛው፣ አለቃው ተራ በተራ መጥተው ይሟገቱታል። በገሐድ እንዲህ አልሆነም፤ ደራሲውም «እንዲህ ሆኗል» አልልም ብሏል። በአንጻሩ ስለ ካናዳው የስልክ ኩባንያ በ2023 የተሠራው «ብላክቤሪ» ከዚህ ልማድ በከፊል ወጥቷል፤ የኔትወርክ መጨናነቅን፣ የኢንጂነሮችን ክፍልና የሽያጭ ሰዎችን ጫና እንደ ታሪክ አንቀሳቃሽ ያሳያል። ለዚህም ይመስለኛል ከሌሎቹ ይልቅ ሰው የሚማርበት።

በእኛ አካባቢ ከፊልሞቹ ሁሉ ሥር የሰደደው ግን ትምህርት የማቋረጥ ታሪክ ነው። «ዙከርበርግም አቋርጧል፣ ቢል ጌትስም አቋርጧል» የሚለው ቃል በዩኒቨርሲቲ መኝታ ቤቶች የሚሰማ ነው። በፊልሙ ውስጥ ማቋረጡ የድፍረት ምልክት ሆኖ ይታያል። የዙከርበርግ አባት የጥርስ ሐኪም፣ እናቱ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ፤ ገና ልጅ ሳለ ፕሮግራሚንግ የሚያስተምረው የግል አስጠኚ ተቀጥሮለት ነበር፤ ከሃርቫርድ በፊት የተማረው በአሜሪካ ስመ ጥር ከሆኑት የአዳሪ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። በ2004 ባለሀብቱ ፒተር ቲል ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሰጠው፤ በተከታዩ ዓመት ሌላ የባለሀብቶች ተቋም ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጨመረ። ባይሳካለት ወደ ሃርቫርድ ሊመለስ ይችል ነበር። ጌትስም የሲያትል ጠበቃ ልጅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በዓለም ላይ ጥቂት ሰዎች ብቻ ኮምፒውተር በሚነኩበት ዘመን፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተርሚናል፣ ማለትም ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ፣ ያገኘ ልጅ ነበር። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ መጥቶ፣ ወላጆቹ በሬ ሸጠው ለልብስና ለመጓጓዣ የሸኙት ተማሪ ዲግሪውን ሲያቋርጥ ከኋላው የሚጠብቀው ይህ ሁሉ የለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት፣ የተሳካ መተግበሪያ የሠራ ወጣት እንኳ ሥራውን ለተጠቃሚ ማድረስ አይችልም ነበር። ይህን የምለው የወጣቶችን ተስፋ ለማጨለም አይደለም፤ ከታሪኩ የተቆረጠው ክፍል ውሳኔያቸውን የሚነካ ስለሆነ ነው።

ፊልሞቹ መሣሪያውን ራሱን ለማሳየት የሞከሩበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኔትፍሊክስ የወጣው የጄፍ ኦርሎውስኪ «ዘ ሶሻል ዲሌማ» የቀድሞ የጉግል፣ የፌስቡክና የትዊተር ሠራተኞችን አናግሯል፤ ከእነርሱም መካከል ትሪስታን ሃሪስና ላይክን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ጀስቲን ሮዘንስታይን ይገኛሉ። ዘጋቢ ፊልሙ ሰውን ገጽ ላይ ስለማቆየት በግልጽ ይናገራልና ለተመልካች ጠቅሟል። ሆኖም ቀመሩን ለማሳየት ሲሞክር ምን እንዳደረገ ልብ በሉ፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው የአንድን ልጅ ስልክ የሚመሩ ሦስት ወንዶችን ፈጠረ፣ ሦስቱንም አንድ ተዋናይ ተጫወታቸው። ቀመር ክፋት አያስብም፤ የተሰጠውን ግብ ይከተላል። ግቡን የሰጠው ግን የኩባንያ ውሳኔ ነው፤ ያም ውሳኔ ሊጠየቅ፣ ሊለወጥ፣ በሕግ ሊገደብ የሚችል ነው። የሚያሤር ሰው ሆኖ ሲሳል ይህ ይደበቃል።

ለእኛ ደግሞ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኋላም ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲገባ፣ በየቤቱ ዘመድ ደኅና ስለመሆኑ የሚጠየቀው በፌስቡክና በቴሌግራም ነበር። የፌስቡክ ሠራተኛ የነበረችውና የኩባንያውን የውስጥ ሰነዶች ያወጣችው ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች፤ በዚያው ወር ለእንግሊዝ ፓርላማ በሰጠችው ቃልም በአገሪቱ ከሚነገሩት ዋና ዋና ቋንቋዎች መካከል የኩባንያው የደኅንነት ሥርዓት የሚሸፍነው ሁለቱን ብቻ እንደሆነ ገልጻለች። በጽሑፍ አጣሪነት የተቀጠሩ ሰዎች በናይሮቢ ሥራው በውል በተሰጠው ድርጅት ውስጥ ተቀምጠው፣ ከኢትዮጵያ የሚለቀቁትን አሰቃቂ ምስሎች በቀን በቀን ያዩ ነበር። መሥራቹን ስንወድና ስንጠላ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ከማንም የሚቀርቡት እነዚህ ሰዎች ናቸው። አንድም ታላቅ ፊልም ስለ እነርሱ አልተሠራም።

ሶርኪን ራሱ ጽፎ ዳይሬክት የሚያደርገው ተከታይ ፊልም፣ የሃውገንን ሰነዶች ታሪክ ይዞ፣ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2026 ለእይታ እንዲበቃ ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ዙከርበርግን የሚጫወተው ጄረሚ ስትሮንግ ነው። የታሪኩ ጊዜ አሁን ወደ ፊድ፣ ወደ ቀመሩና ወደ ማስታወቂያው ዘመን መጥቷልና በጉጉት መጠበቅ ይገባዋል። ሆኖም ቅርጹ አሁንም በአንዲት ሴትና በአንድ ወንድ ፍጥጫ ላይ የቆመ ከሆነ፣ ተመልካቹ ያንኑ «ማን ጥሩ፣ ማን መጥፎ» የሚል ጥያቄ ይዞ ይወጣል። በናይሮቢ ግን ሌላ ክስ አለ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ሁለት ኢትዮጵያውያን ከአንድ የኬንያ ድርጅት ጋር ሆነው ሜታን ከሰዋል፤ ከሁለቱ የአንደኛው አባት፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩ፣ በፌስቡክ ላይ ስማቸው ከተለጠፈ በኋላ በ2014 ዓ.ም. በባሕር ዳር ተገድለዋል። ሜታ በበኩሉ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ደንብ እንዳለውና ለቁጥጥሩ ብዙ እንደሚያወጣ ይናገራል። ከሳሾቹ ከካሳው ጋር የሚጠይቁት ጽሑፎችን የሚደረድረው ቀመር እንዲስተካከልና ቋንቋችንን የሚያውቁ በቂ አጣሪዎች እንዲቀጠሩ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።